የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ፦ ከማጣሪያ ጣቢያው እስከ ጀሪካኑ ምን ያገኘዋል?

«የቧንቧ ውሃው ይጠጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «ከልጅነታችን ጀምሮ የጠጣነው ነው፣ ምን አደረገን?» ይላል። ሌላው የታሸገ ካልሆነ አፉ አያስገባም። ሁለቱም ስለ ውሃው ሲነጋገሩ ስለ መንገዱ ይረሳሉ። ከማጣሪያ ጣቢያ የሚወጣው ውሃ የታከመ ነው፤ የሚበላሸው ከዚያ ወዲህ፣ አብዛኛውን ጊዜም በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው። እነዚህ ሜትሮች ደግሞ በአብዛኛው በነዋሪው እጅ ያሉ ናቸው፦ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ቧንቧ፣ ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ፣ ግቢ ውስጥ የተዘረጋው ጎማ፣ ወጥ ቤት ጥግ የቆመው ጀሪካን። ስለዚህ መንገዱን ከምንጩ ጀምሮ እንከተለው።

ውሃው ከየት ይመጣል?

የአዲስ አበባ ውሃ ምንጩ ብዙ ነው። በምዕራብ ከሁሉም የቀደመው የገፈርሳ ግድብ አለ። በምሥራቅ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራው የለገዳዲ ግድብ፣ በ1999 የተጨመረው የድሬ ግድብም አለ፤ የድሬ ውሃ የሚታከመው እዚያው ለገዳዲ ጣቢያ ነው። በደቡብ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ ለገዳዲ አካባቢም ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። በከተማው መስመር ውስጥ እነዚህ ውሃዎች ይደባለቃሉ፤ አንድ ሰፈር በዚህ ሳምንት የግድብ ውሃ፣ በሚቀጥለው የጉድጓድ ውሃ ሊደርሰው ይችላል። ጣዕሙ ተለወጠ፣ ሳሙና አላረፋ አለ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት መጣ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

የግድብ ውሃ ትልቁ ጣጣ ደለል ነው። የለገዳዲ ውሃ በተለይ ክረምት ላይ ሻይ በወተት መስሎ ይገባል። ይህ ጭቃ እንደ አሸዋ ቶሎ አይዘቅጥም። ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ከመሆናቸው በላይ ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ በባልዲ ቢቀዱትና ቀናት ቢያስቀምጡት እንኳ እንደደፈረሰ ይቆያል። ስለዚህ ጣቢያው አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨምርበታል። ይህ ጨው መገፋፋቱን ያጠፋና ቅንጣቶቹ ተያይዘው እንደ ጥጥ ብናኝ ይሆናሉ፤ ክብደት ሲያገኙ ወደ ታች ይሄዳሉ። ከዚያ የተረፈው በአሸዋ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። መጠኑ እንደ ድፍርሱ ልክ በየጊዜው መስተካከል አለበት። ሲያንስ ጭቃው ያልፋል፣ ሲበዛ ደግሞ የውሃው አሲድነት ይጨምራል፣ የአሉሚኒየም ቅሪትም ይተርፋል።

ድፍርስነትን መቀነስ ለዓይን ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም። ጀርም በጭቃ ቅንጣት ውስጥ ሲሸሸግ ክሎሪን አይደርስበትም፤ ክሎሪኑ ራሱም ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ያልቃል። መጀመሪያ ማጥራት፣ ቀጥሎ ክሎሪን የሚባለው ቅደም ተከተል ከጣቢያው ጀምሮ ቤት ውስጥ እስከምናክመው ጀሪካን ድረስ አይለወጥም።

የጉድጓድ ውሃ መሬት ያጠራው በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ክሎሪን ብቻ ተጨምሮበት ይሰራጫል። በምትኩ ከዓለት ያመጣውን ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ይኸው ነው፤ ጤና አይጎዳም፣ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ይለቃል።

የክሎሪን ሽታ

ብዙ ሰው ውሃው ክሎሪን ክሎሪን ሲሸት ይደነግጣል። መደንገጥ ያለብን ምንም ሳይሸት ሲቀር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጣቢያው ላይ ከሚጨመረው ክሎሪን ከፊሉ ጀርሙን ገድሎ ያልቃል፤ የተረፈው «ቀሪ ክሎሪን» ይባላል፣ ሥራውም ውሃው በመንገድ ላይ ሳለ የሚገባበትን ጀርም መግደል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቧንቧው ጫፍ ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር እንዲገኝ ይመክራል፤ የላይኛው ገደብ ደግሞ 5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ብዙ ሰው ሽታውን መለየት የሚጀምረው ከዚህ የላይኛው ገደብ በጣም ዝቅ ባለ መጠን ነው።

ቀሪ ክሎሪን በጊዜ ይተናል፣ በሙቀት ይፈጥናል፣ ዝገትና ጭቃ ያለበት ቧንቧ ውስጥ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከጣቢያ ርቆ፣ በመስመር ጫፍ ላይ ያለ ቤት የሚደርሰው ትንሹ ነው። ሽታው የሚያስቸግር ከሆነ የሚጠጡትን ያህል ብቻ በክዳን ማሰሮ ቀድቶ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ግማሽ ቀን ማስቀመጥ፣ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ይበቃል። ጠቅላላውን ጀሪካን ክፍት አድርጎ ክሎሪኑን ማስተነን ግን ውሃውን ያለ ጠባቂ መተው ነው።

ፈረቃው ራሱ ለምን ያቆሽሻል?

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚያማርረው ስለ እጥረቱ ነው፤ ፈረቃ በጥራት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከእጥረቱ አይተናነስም። ቧንቧ ሁልጊዜ ሙሉና ግፊት ያለው ከሆነ ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ከውጭ ምንም አይገባም። ግፊቱ ሲጠፋ ነገሩ ይገለበጣል።

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ ቃሊቲ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር እየወረደች የምትሄድ ከተማ ናት። እያንዳንዱ 10 ሜትር የከፍታ ልዩነት የአንድ ባር ያህል ግፊት ነው። ዋናው መስመር ሲዘጋ ታች ያሉ ቤቶች ቧንቧ ከፍተው የቀረውን ይቀዳሉ፤ ውሃው ቁልቁል ሲወርድ ከላይ ያለው ቧንቧ ባዶ ይሆናል፣ ባዶውም ይስባል። በዚያች ቅጽበት ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ረግረግ ውስጥ፣ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ ያ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሁለት ቀን በኋላ ውሃው ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚገፋው ይህን ነው።

ሁለት ነገሮች ሁኔታውን ያብሱታል። የመጀመሪያው ከመስመር ላይ ቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ነው። ውሃው ደካማ ሲሆን ፓምፑን ቆጣሪው ላይ አያይዞ መሳብ የተለመደ ቢሆንም፣ ፓምፑ ቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት ከዜሮ በታች ያወርድና ከጎረቤት ፍሳሽ ጭምር ይስባል። ትክክለኛው አሠራር ውሃው በራሱ ግፊት ወደ ምድር ላይ ወይም ወደ ምድር ቤት ታንከር እንዲገባና ፓምፑ ከታንከሩ ወደ ጣሪያው እንዲገፋ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ጎማ ነው። በየግቢው ይታያል፦ ከቧንቧው አፍ ላይ በላስቲክ የታሰረ ጎማ፣ ጫፉ በርሜል ውስጥ የተነከረ ወይም ልብስ የታጠበበት ኩሬ ላይ የተጋደመ። ቧንቧው ክፍት ሆኖ ውሃው ሲቋረጥ ጎማው የበርሜሉን ውሃ ወይም የሳሙናውን እጣቢ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጎማው ከበርሜሉ አፍ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፣ ሲጨርሱ ከቧንቧው ተነቅሎ ይሰቀል፤ ከቆጣሪው ቀጥሎ ደግሞ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቼክ ቫልቭ ይገጠም። በቧንቧ ሠራተኛ እጅ ቀላል ሥራ ነው፣ የጎረቤትንም ውሃ ያድናል።

ፈረቃው ደርሶ ውሃው ሲመጣ የመጀመሪያውን አይጠጡ፣ ሮቶም አያስገቡ። ግማሽ ኢንች ቧንቧ በየ20 ሜትሩ 4 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ግን የቆሸሸው የግቢው ቧንቧ ውስጥ ያለው ብቻ ስላልሆነ ቢያንስ አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሞልተው ለመጸዳጃና ለወለል ያስቀምጡት። ውሃውን በነጭ ሳህን ላይ እያዩ እስኪጠራና የክሎሪን ሽታ እስኪመለስ ድረስ ይጠብቁ። አካባቢው ላይ የመንገድ ቁፋሮ ካለ ወይም መስመር ተሰብሮ ከተጠገነ ለዚያ ቀን የመጠጥ ውሃውን አፍልቶ መጠቀም ይሻላል።

ቀለሙ ምን ይናገራል?

ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ ብዙ ጊዜ አየር ነው። በጠራ ብርጭቆ ቀድተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና ይመልከቱ፦ ነጩ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደና በደቂቃ ውስጥ ከጠፋ፣ ቧንቧ ውስጥ በግፊት የታመቀ አየር ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ሊጠጣ ይችላል። ከላይ ወደ ታች እየጠራ ሥሩ ላይ ዝቃጭ ከተወ ግን ጭቃ ወይም ኖራ ነው።

ቡናማ ወይም ቀይ ዝገት ነው። ጋልቫናይዝድ የብረት ቧንቧ ሽፋኑ ሲያልቅ ይዝጋል፣ ውሃው በድንገት በኃይል ሲመጣ ዝገቱን ይፍቃል። ብረቱ ራሱ በዚያ መጠን መርዝ አይደለም፤ ልብስ ያበላሻል፣ ጣዕም ያከፋል፣ ከሁሉ በላይ ግን ክሎሪኑን ይበላል። ጠዋት ጠዋት ብቻ ቀይ የሚመጣና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠራ ከሆነ ዝገቱ ያለው በራስዎ ግቢ ቧንቧ ውስጥ ነው፤ የሰፈሩ ሁሉ ከሆነ ከዋናው መስመር ነው። የራስዎ ከሆነ ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ መለወጥ ብቻ ነው ዘላቂው መፍትሔ። ጥቁር ቅንጣት ከመጣ ማንጋኒዝ ወይም ያረጀ የቧንቧ ጎማ ማሸጊያ ሊሆን ይችላል፤ በጣት ሲያሹት እንደ ጥላሸት ከተቀባ ማንጋኒዝ፣ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ጎማው ነው።

የበሰበሰ እንቁላል ወይም የፍሳሽ ሽታ ካለው ያንን ውሃ አፍልቶም ቢሆን መጠጣት አይገባም፤ ቧንቧውን ዘግቶ ማሳወቅ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፦ ውሃውን በብርጭቆ ይዘው ከማጠቢያ ገንዳው ራቅ ብለው ያሽትቱት። አንዳንዴ የሚሸተው ውሃው ሳይሆን የገንዳው ቱቦ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ምንም ቀለም የሌለው ነው። ኮሌራን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ናይትሬት በዓይን አይታዩም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ማለትም አተት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሲከሰት ከጤና ባለሙያዎች ደጋግሞ የተነገረው ምክር ውሃን አክሞ መጠጣት ነበር፤ ጠርቶ መታየቱ ለማንም ዋስትና ስለማይሰጥ።

ሮቶው

ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ የብዙ ቤት ደካማ ጎን ነው። ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ያለው ቤተሰብ በቀን 200 ሊትር ቢጠቀም ውሃው በአማካይ ለ10 ቀን ያህል ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ቀሪ ክሎሪኑ ያልቃል፣ ሥሩ ላይ ደለል ይረጋል፣ ግድግዳው ላይ እንደ ንፍጥ የሚያዳልጥ ሽፋን ይበቅላል። ክዳኑ ነፋስ ወስዶት ከሆነ ርግብ፣ አይጥ፣ ቅጠል ይገባል። አዲስ ሮቶ የሚገዙ ሰዎች ትልቅ መርጠው ይገዛሉ፤ የፈረቃው ርዝመት 3 ቀን ከሆነ የ3 ቀን ፍጆታና ትንሽ መጠባበቂያ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ያለው ውሃን ማስረጀት ነው።

ጥቁር ወይም ሙሉ በሙሉ ብርሃን የማያስገባ ሮቶ አልጌ አያበቅልም። ክዳኑ በሽቦ ይታሰር። የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦው አፍ በደቃቅ ወንፊት ይሸፈን። ወደ ቤት የሚወርደው ቧንቧ ከሥሩ 5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገጠም፤ ደለሉ የሚወጣበት ሌላ ቀዳዳ ደግሞ ከታች ይኑር። ምድር ቤት የተቀበረ የኮንክሪት ታንከር ያላቸው ሕንፃዎችና ኮንዶሚኒየሞች ተጨማሪ ሥጋት አለባቸው፦ ስንጥቅ ካለውና አጠገቡ የመጸዳጃ ጉድጓድ ካለ ታንከሩ ውሃው ባነሰ ጊዜ ከአፈሩ ይስባል። አፉ ከመሬት ከፍ ብሎ ካልተሠራም የክረምት ጎርፍ ይገባዋል።

እጥበቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከክረምት በኋላ ይሁን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃው እስኪያልቅ ተጠቀሙበት ወይም በታችኛው ቀዳዳ አውጡት፤ ግድግዳውን በረጅም እጀታ ብሩሽና በንጹህ ውሃ ፈትጉ፤ ደለሉን አውጡና አለቅልቁ። ሮቶው ውስጥ አትግቡ። በተለይ ክሎሪን ካለበት በኋላ ጋዙ ተከማችቶ ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል። ከዚያ ሮቶውን ሞልታችሁ ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር 5 በመቶ የሆነ ሽታ የሌለው በረኪና 1 ሊትር ጨምሩ፤ ይህ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ክሎሪን ይሰጣል። እያንዳንዱን የቤት ቧንቧ ሽታው እስኪመጣ ድረስ ከፍታችሁ ዝጉ፣ ቧንቧው ውስጥም ይታጠብ። ለ24 ሰዓት ማንም እንዳይጠቀም አድርጉና ሁሉንም አፍስሱ፤ ወደ አትክልቱ ሳይሆን ወደ ፍሳሽ መስመሩ። እንደገና ሞልታችሁ ሽታው ቀለል ሲል ተጠቀሙ። በረኪናን ከመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር በምንም ምክንያት አትደባልቁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ቀላል ግን ጥቂት ቤት የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ወጥ ቤቱ ላይ ከሮቶው በፊት፣ ከመስመሩ ቀጥታ የሚመጣ አንድ ቧንቧ ማስገጠም ነው። ውሃ ባለበት ቀን የመጠጡንና የምግቡን ከዚያ ይቀዳሉ፤ ሮቶው ለመታጠቢያና ለመጸዳጃ ይቀራል።

ጀሪካኑ

ከቦኖ ቀድተው የሚያመጡትም፣ ለፈረቃ የሚያጠራቅሙትም ውሃቸው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጀሪካኑ ውስጥ ነው። ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባውም፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው፣ ኩባያ እየነከሩ የሚቀዱበት በርሜል ግን በእያንዳንዱ መንከር ይበከላል። ክፉ ጎኑ ሲታጠብ ውስጡ አለመታየቱ ነው። ፀሐይ ላይ ወደ ብርሃን አንጋጥጠው በአፉ ቢያዩት አብዛኛው ጀሪካን ሥሩ ላይ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሽፋን አለው።

ለማጠብ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ወይም ንጹሕ ጠጠር፣ ዱቄት ሳሙናና ጥቂት ውሃ አስገብተው ለሁለት ደቂቃ አጥብቀው ያንቀጥቅጡት። ይድፉ፣ ያለቅልቁ። ቀጥሎ 2 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምረው ክዳኑንም ጭምር በሁሉም ጎን እንዲነካ ያገላብጡት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉና በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። በየሁለት ሳምንቱ ቢደረግ በቂ ነው። ኬሚካል፣ የመኪና ዘይት ወይም ፀረ ተባይ ተይዞበት የነበረ ጀሪካን በምንም እጥበት ለውሃ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ራሱ መጥጦታል።

እንስራ ውሃን ያቀዘቅዛል፣ ጣዕሙንም ብዙዎች ይወዱታል። ሸክላው ግን ክሎሪኑን ቶሎ ስለሚጨርሰው እንስራ ውስጥ ያለን ውሃ በዕለቱ መጠጣትና መቅጃውን ሁልጊዜ ንጹሕ አድርጎ መስቀል ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ ማከም

ማፍላት ከሁሉም የታመነ ነው። ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ቫይረስ ሁሉንም ይገድላል። አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ ጉዳይ አለ። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል የሚባለው በባሕር ወለል ከፍታ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህም ጀርም ለመግደል ይበቃል፣ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ጥንቃቄው 3 ደቂቃ ያህል እየተንፈቀፈቀ እንዲቆይ ነው። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ እንደፈላ ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ለመጠጥ የሚፈላ ውሃ በድስት ቢፈላ ይመረጣል። ክዳኑን ሳያነሱ ያቀዝቅዙት፣ በዚያው ዕቃ ያስቀምጡት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት። የፈላ ውሃ ቀሪ ክሎሪን የለውም፤ ያልታጠበ ኩባያ ከተነከረበት እንደገና ይበከላል።

ማገዶና መብራት ውድ ለሆነበት ቤት ክሎሪን ይቀላል። ውሃ አጋር፣ አኳታብስ የመሰሉት በማሸጊያቸው ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመራሉ። በረኪና ብቻ ካለ 5 በመቶ የሆነውን፣ ሽቶና ቀለም የሌለውን፣ ያልቆየውን ይምረጡ። ለ20 ሊትር የጠራ ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ መርፌው በወጣ የመድኃኒት ሲሪንጅ መለካት ከማንኪያ ይልቅ ትክክል ነው። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ በአራት እጥፍ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ያጥልሉትና 2 ሚሊ ሊትር ያድርጉት። ያነቃንቁት፣ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ያሽትቱት። ስስ የክሎሪን ሽታ ከሌለው በረኪናው ኃይሉ ደክሟል ወይም ውሃው ብዙ ቆሻሻ አለበት፤ ያንኑ ያህል ደግመው ጨምረው ሌላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ፀሐይ የመታው ወይም ለወራት ተከፍቶ የቆየ በረኪና በማሸጊያው የተጻፈውን ያህል አይሠራም።

ክሎሪን ባክቴሪያና ቫይረስ ላይ ብርቱ፣ ጃርዲያና አሜባ ላይ ግን ደካማ ነው፤ እነዚህ ሽፋን ያላቸው ስለሆኑ ረጅም ሰዓት ይፈልጋሉ። ቤት ውስጥ ጃርዲያ ወይም አሜባ ተደጋግሞ የሚገኝበት ሰው ካለ ክሎሪኑ ላይ ብቻ አይመኩ፤ ያፍሉ ወይም ያጣሩ። ምክንያቱን ውሃው ላይ ብቻ መፈለግም ያሳስታል። ከተማው ዙሪያ በአቃቂ ወንዞች ውሃ የሚለማ አትክልት አለ፤ ሰላጣና ጎመን ጥሬውን ሲበላ በሽታው ከሳህኑ ሊመጣ ይችላል።

የሸክላ ሻማ ያለው ማጣሪያ ጭቃን፣ ጃርዲያንና አሜባን፣ ጥሩ ከሆነ ባክቴሪያንም ይይዛል፤ ቫይረስ ግን ያልፈዋል። ሻማው ሲዘገይ በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ብቻ ይፈተግ፤ ሳሙና ቀዳዳውን ይደፍናል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለችው አይሠራም፣ ይለወጥ። የከሰል ማጣሪያ ሽታና ክሎሪን ያነሳል፣ ጀርም ግን አይገድልም፤ ክሎሪኑን ስለሚወስድ ከሱ የወጣው ውሃ ወዲያው ይጠጣ እንጂ አይጠራቀም።

ማፍላት የማያድነው

ናይትሬትና ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፉም። እንዲያውም ውሃው ተኖ ሲቀንስ እነሱ ይበዛሉ። ናይትሬት ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከማዳበሪያ ወደ ከርሰ ምድር ይገባል፤ ገደቡ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ሲሆን በዋናነት የሚያሰጋው የዱቄት ወተት የሚጠጡ፣ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናትን ነው። ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ሲያቅተው ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ይጠቁራል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ ለሕፃን ወተት የሚያዘጋጅ ቤት ናይትሬቱን ሳያስመረምር መጠቀም የለበትም። ጡት ማጥባት በዚህ በኩልም ከሁሉም ይሻላል። ፍሎራይድ ደግሞ በብዛት የስምጥ ሸለቆ ጉዳይ ነው፤ ወንጂና መሰል አካባቢዎች ላይ የጥርስ መበለዝና የአጥንት ጉዳት ያደረሰው እሱ ነው፣ ገደቡም 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ዘመድ ከዚያ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ በጀሪካን ቢያመጣ «የምንጭ ውሃ ነው» ተብሎ ለልጅ አይሰጥ።

ማስመርመርና ማሳወቅ

የባክቴሪያ ምርመራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በናሙና አወሳሰዱ ነው። ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ይውሰዱ፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ዱቄት ክሎሪኑን ለማምከን የተደረገ ስለሆነ አይታጠብ። ቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ወንፊትና ጎማ ይንቀሉ፣ አፉን በበረኪና በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ውሃውን 2 ወይም 3 ደቂቃ ያፍስሱ፣ የክዳኑን ውስጥ ሳይነኩ ይቅዱ፣ ከላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተዉ። በበረዶ አድርገው በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ያድርሱ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም።

አንድ ናሙና ብቻ ከወጥ ቤቱ መውሰድ ገንዘብ ማባከን ነው። አንዱን ቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ፣ ሌላውን ከሮቶው ከሚወርደው፣ ሦስተኛውን ከጀሪካኑ ይውሰዱ። ቆጣሪው ላይ ንጹሕ ሆኖ ከሮቶው የተበከለ ከወጣ ሥራው የእርስዎ ነው፣ ብሩሽና በረኪና ያንሱ። ቆጣሪው ላይ ራሱ ከተበከለ ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ906 ይደውሉ፤ ሲደውሉም ውሃው የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ ቀለሙንና ሽታውን፣ የስንት ጎረቤት ቤት እንደሆነ፣ በአካባቢው ቁፋሮ ወይም የሚፈስ ቧንቧ መኖሩን፣ የቆጣሪ ቁጥርዎን አብረው ይንገሩ። የሚላኩት ሠራተኞች የትኛውን መስመር መዝጋት እንዳለባቸው የሚያውቁት በዚህ ነው።